በርበሬ የሚሰጣበት ሜዳ

ሰሞኑን ወጣቶች የፋይበር ገመድ ሳጥን የሚተከልበትን ቦታ ሲመርጡ ቆሜ አየሁ። ኮምፒውተራቸው ላይ አፍጥጠው፣ አንድ የሰፈር ሰው እንኳ ሳያናግሩ ጨረሱ። ልቆጣ አልኩና አፈርኩ። እኔስ በደርግ ጊዜ እዚሁ ጉለሌ ምን ሠርቼ ነበር?

የስልክ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው ቁልቁለት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ቦታ እንድመርጥ ተላክሁ። የኬብል ሳጥን ጠላቱ ውሃ ነውና ደረቅ ቦታ ፈልግ ተብያለሁ። ወሩ ጥር ነበር። አንድ ለስላሳ ሜዳ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ አየሁ። በርበሬ እርጥብ መሬት ላይ የሚያሰጣ ሰው የለም፤ በቃ፣ ቦታው ተገኘ አልኩ። በብልህነቴም ኮራሁ።

የበርበሬው ባለቤት፣ አንዲት እናት፣ መጡ።

«ልጄ፣ እዚህስ አይሆንም» አሉኝ።

«እማማ፣ በርበሬዎን ሌላ ቦታ ያስጡ።»

«ኧረ እኔ ስለ በርበሬው...»

ሳላስጨርሳቸው ችካሌን መታሁ።

ሳጥኑ ተተከለ፤ የባለሱቁ የሐጂ ስልክም ወደ እሱ ተዛወረ። ያንን ስልክ ማን እንደሚጠብቀው አላወቅኩም። የእማማ አንድ ልጅ ሰሜን ዘምቷል፤ ሲቀናው እሁድ እሁድ የሚደውልላቸው እዚያ ሱቅ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ ሜዳውን ሞላው። መሬቱን ያን ያህል ጠርጎ ያለሰለሰው ለካ የየክረምቱ ጎርፍ ኖሯል። ሳጥኑ ውሃ ገባበት፣ ስልኩ ተቋረጠ። ሦስት እሁድ አለፈ። ሐጂ እንደነገሩኝ፣ እማማ ሦስቱንም እሁድ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ሲያዩ ዋሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዘው ከአጥራቸው ጥግ ያለውን ጉብታ አሳዩኝ።

«እዚህ ውሃ ደርሶ አያውቅም» አሉና ከጓሯቸው ቆርሰው ሰጡኝ።

ሳጥኑን አዛወርነው። በአራተኛው እሁድ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ ሱቁ ሄጄ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር። ልጁ በሕይወት ባይኖርስ? ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሐጂ አነሱና እጀታውን ለእማማ ሰጧቸው። እማማ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ደግመው አለቀሱ። ልጃቸው ስልኩ ለምን እምቢ እንዳለው ጠይቋቸው መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዝናቡ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ዝናቡ ነው እንጂ ማንም አላጠፋም።»