የእትዬ ስንዝር ልክ

የዘበኛዋን እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለተቀረው የትምህርት ቤቱ ግቢ እትዬ ስንዝር ናቸው። የቅጽል ስሙ ምክንያት በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «የሴቶች ጉርድ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር፤ የወንዶች ሱሪ የእግሩ ስፋት ከአንድ ስንዝር የማያንስ።» የማን ስንዝር? ወረቀቱ ስለማይል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእሳቸው ስንዝር ነበር።

ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያፍታቱ ይጠብቃሉ። ተማሪው ይቆማል፤ አውራ ጣትና መሀል ጣት ከጉልበቱ ጎን አየር ላይ ይዘረጋሉ። «ግቢ። ግባ። አንተ ቱቦ፣ ተመለስ!» ቀይ ካልሲ ያደረገ፣ ሹራቡን ወገቡ ላይ ያሰረ፣ ከረባቱን ኪሱ የከተተ ከዓይናቸው አያመልጥም። አንዷ ጉርዷን ወገቧ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልላ ብትመጣ «ምነው፣ ልብስ ሰፊው ጨርቅ አነሰው? ፍቺው!» ይሏታል፤ ሰልፉ በሙሉ እየሳቀባት ትፈታዋለች።

ይህ ስንዝር ግን አንድ አመል ነበረው። ለፋሽን ብሎ ላሳጠረ ይለጠጣል፤ ቁመቱ ለከዳው ልጅ ደግሞ ይሰበሰባል። ልጅ በዚህ ዕድሜው እንደ በቆሎ አድሮ ነው የሚረዝመው፣ ጉርድና ሱሪ ደግሞ አብረው አያድጉም። ያን ጊዜ የእትዬ ጣቶች ቀስ ብለው ሰብሰብ ይሉና «ልክ ነው፣ ግቢ» ይላሉ። ይህን ማንም አያውቅብኝም ብለው ያስባሉ። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የማያውቅ ልጅ የለም።

ዘንድሮ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ወጣት ነው፣ ክፉም አይደለም፤ ብቻ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት እርሳሶች እንኳ ተሰልፈው ነው የሚውሉት። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት «ስንዝር» የሚለውን ሰርዞ «ሃያ ሳንቲ ሜትር» ብሎ ለጠፈ፤ ለእትዬም በዚያው ልክ የተቆረጠ እንጨት ሰጣቸው።

«እትዬ፣ የሰው እጅ ይሳሳታል» አላቸው በትሕትና።

እትዬ እንጨቷን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና በሆዳቸው «ከእጅ አይሻል ዶማ» አሉ። በአፋቸው ግን «እሺ ልጄ» ነው ያሉት።

ዳይሬክተሩ በዚያው ቀን ሰልፍ ላይ ወጥቶ፣ «ይህ ደንብ እዚህ ግቢ ውስጥ ልብስ የለበሰን ሁሉ ይመለከታል! ተማሪ፣ መምህር፣ ሠራተኛ፣ እኔም ጭምር!» ብሎ ተናገረ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እንጨት ጣት የለውም፣ አይሰበሰብም። ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ አንዲት ሎጋ ተማሪ መጣች። የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ያደገችውን እድገት ሌላው በሦስት ዓመት አያድገውም።

«ሦስት ጣት ጎደለ» አሉ እትዬ።

«ሰኞ ፈተና ነው» አላት ዳይሬክተሩ። «አስተካክለሽ ነይ። ሰኞ ከበር የተመለሰ ተማሪ ፈተናው አመለጠው ማለት ነው።»

ሎጋዋ ቤቷ አልሄደችም። ከበሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እትዬ ወጡና የጉርዷን ጫፍ ገልብጠው አዩ። ቅምቅማት የሚባል ነገር አልቀረውም።

«እማዬ ሁለቴ ፈታችው። ጨርቁም ሱቅ ውስጥ አልቋል፣ የሚመጣው ለከርሞ ነው አሉን» አለች እንባዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች። «እግሬን ምን ባደርገው ነው የሚቆምልኝ እትዬ?»

እትዬ አንገታቸውን ሲደፉ ዓይናቸው የገዛ ጋዋናቸው ላይ አረፈ። ሰማያዊ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የዘበኛውን ጋዋንና የተማሪውን ጉርድ የሚያስቆርጠው ከአንድ ጣቃ ነው።

«ነገ ጉርዱን ይዘሽልኝ ነይ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ጥበቃ ክፍላቸው ውስጥ፣ ልብስ ሰፊ የነበሩት ሟች ባላቸው የተዉላቸውን መቀስ አወጡ። ሦስት ጣት ጨርቅ ከነስፌቱ ቢበዛ አምስት ጣት ይፈልግ ይሆናል። እሳቸው ግን በሕይወታቸው ለክተው የሚያውቁት ስንዝር ነው፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ተዘረጋና አንድ ሙሉ ስንዝር ከጋዋኑ ላይ ሸረከቱ። ከጉርዱ ጫፍ ጋር ሰፍተው የተረፈውን ወደ ውስጥ አጥፈው ቀመቀሙት፤ ልጅቷ ገና ታድጋለች። እሳቸውም ጉልበት እንዳላቸው ትዝ ያላቸው ጋዋኑን መልሰው ሲለብሱት ነው። ጋዋኑ ጉልበታቸው ላይ ቀርቶ አበባማ ቀሚሳቸው ከሥሩ ብቅ አለ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ» ብለው ብቻቸውን ሳቁ። የዘበኛ ጉልበት ማን ያያል?

ሰኞ ሰልፉ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። ሎጋዋ ደረሰች፤ እትዬ እንጨቷን አቆሙ፤ ጉርዱ እንዲያውም አንድ ጣት አለፈ። ዳይሬክተሩ ስፌቱን አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ስፌት አልተከለከለም» አሉ እትዬ ቶሎ ብለው። «ግቢ የኔ ልጅ፣ ሩጪ!»

ይኸኔ አንዲት አፈ ጮሌ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከሰልፉ መሀል፣ «እትዬስ አይለኩም? ሁሉንም ይመለከታል ተብሏል!» ብላ ጮኸች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ዞር ብሎ ጋዋኑን አየ፤ ከዚያ ሎጋዋ የሄደችበትን አየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሦስት መቶ ልጅ አፉን እያየ ነው። እንጨቷን ተቀብሎ ለካ። የሚለካ ነገር አልነበረም።

«እትዬ...» አለ። «ይቅርታ፣ ይመለሱ።»

«ደንብ ነዋ!» አሉና ወጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ለቀልድ ያሉት ቢመስልም ከፍቷቸዋል፤ ከዚህ በር ሲመለሱ የመጀመሪያቸው ነው።

በሩ ለዳይሬክተሩ ቀረ። ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና ሲል ሠላሳ ልጅ ሳያስገባ ወገቡን ያዘ። የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ከፊቱ የቆመችው ልጅ ጉርዷ ሁለት ጣት ጎድሏል፤ የሹራቧ እጅጌም ክርኗ ላይ ደርሷል። እርሳሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿን ውጣለች። ዳይሬክተሩ እንጨቷን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ በመጨረሻም እትዬን አየ። እትዬ ወደ ሰማይ ነው የሚያዩት። ቀኝ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ሰብሰብ አሉ።

ዳይሬክተሩ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። እንጨቷን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ትልቁን እጁን ከልጅቷ ጉልበት ጎን ዘረጋ። ሰበሰበው።

«ልክ ነው» አለ። «ግቢ።»

ሰልፉ እንደ ውሃ ገባ። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ውጭ የቀሩት እትዬ ብቻ ነበሩ።

«ይምጡ እትዬ፣ ልለካዎት።»

መጥተው ቆሙ። ዳይሬክተሩ ስንዝሩን ከጋዋኑ ጎን ዘርግቶ እየሰበሰበ፣ እየሰበሰበ ሄደ፤ አውራ ጣቱና መሀል ጣቱ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው እስኪገናኙ ድረስ።

«ልክ ነው» አለ። «ይግቡ።»