ኔትወርክ ለሌለበት ከተማ ሰባት ምክሮች

የተያዝኩት እንደ ደንበኛ ነው። ይህን መጻፍ እስካሁን ይከብደኛል። ሃያ ዓመት ስለ ሥልጣንና ስለ ፍርሃት ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ይመጡብኛል ብዬ ሹራብና የጥርስ ብሩሽ በቦርሳ አዘጋጅቼ አስቀምጬ ነበር። ሲመጡ ግን የመጡት ለሌላ ሰው ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፈው ስለነበር ቤቱ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ የሚሠራው ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽንና ጉርድ ፎቶ ነበር። የታጠቁ ሰዎች ገቡና «ባለቤቱ ማነው?» አሉ። ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። ልጁ የምለው ስላስተማርኩት ነው እንጂ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። አለቃቸው ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎስ?»

አፌን ሳልከፍት ልጁ ቀደመኝ። «ደንበኛ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ነው የመጡት።»

«ደንበኛውንም ጫኑት» አለ አለቃው፣ ስለ ትርፍ ጆንያ የሚያዝዝ ይመስል።

የገባንበት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከሲሚንቶው ስንጥቅ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ሰው አያስነጋግርም፤ ሲያባራ ከግቢው ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ቦታ የሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ፍራሽ ወደ መስኮቱ ትጠጋለህ። የቤቱ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ከደምበጫ የመጣ ፈረስ ነጋዴ ነበር፤ ሰፊ ትከሻ፣ ቀጭን ድምፅ። አዲስ ገቢ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቀን።

«በምንድን ነው የገባችሁት?»

«በዌብሳይት» አለ ልጁ።

«እሱ ደግሞ ምን ዓይነት መኪና ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁም አብሮ ስቆ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። «ሱቅ በለው አያ። ሱቁ ግን መሬት ላይ የለም። አንተ ደምበጫ ሆነህ አንዱ ሌላ አገር ሆኖ ይገባበታል።»

«ፈረስ ይሸጥበታል?»

«ፎቶውን ካሳመርከው ይሸጥበታል። አሮጌውንም ጭምር።»

«ይሄ ሰው ወደ መስኮቱ ይጠጋ!» አለ ካቦው።

«እኔም እጽፋለሁ» አልኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ልጁ በመጀመሪያው ቀን መስኮት ሥር ተኛ። እኔ ባልዲው ጋ ቀረሁ።

ልጁ የሚጽፈው ለድረ ገጽ ባለቤቶች ምክር ነበር። ርዕስህን በቁጥር ጀምር፣ አንቀጽህ ከሦስት መስመር አይለፍ፣ አንባቢህን በጥያቄ ተቀበለው፣ የአድራሻህን ዓመታዊ ክፍያ አትርሳ። በከተማችን ድረ ገጽ ያለን ሰዎች እኔና እሱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። እሱን ግን የባንክ ሠራተኛው ያነበዋል፣ ዲያቆኑ ያነበዋል፣ ቆርቆሮ ነጋዴው ያነበዋል። ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀር «በጥያቄ ተቀበል ብሏል እኮ» እያለ ምላጩን አንገቴ ላይ አስቀምጦ ይጠይቀኝ ጀመር። ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳ አላቆመም፤ ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጦ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ሹፌር ይሰጣል፣ እዚያ ያለች እኅቱ ትለጥፍለታለች።

የእኔንም ብሎግ የሠራልኝ እሱ ነው። ኔትወርክ በነበረበት ዘመን አንድ ቀን የጎብኚ ቁጥር አሳየኝ።

«ቲቸር፣ በዚህ ወር አራት ጎብኚ አለዎት። ሁለቱ እኔ ነኝ፤ አንዴ በስልክ፣ አንዴ በኮምፒውተር።»

«ሦስተኛውስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አራተኛው?»

ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየ። «እሱን አላወቅነውም።»

እንግዲህ ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ድርሰቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አጠረ» ብዬ የጻፍኩበት ነው። በየሳምንቱ እጽፍበት ነበር። አንድም ጊዜ አላስረዘመልኝም።

ኢንተርኔት ከጠፋ በኋላ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት ላይ፣ እሱ ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ላፌዝበት ጻፍኩ። በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ቁጥር፣ በራሱ ጥያቄ፤ ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ድረ ገጽ ለሚያስተዳድሩ ሰባት ምክሮች። በመካከላቸው ደግሞ የኔን ዓይነት ሰፋፊ ሐተታ አስገባሁ፤ ልዩነቱን ይየው ብዬ። ዴስክቶፑ ላይ ትቼለት ወጣሁ። እንዲቆጣ ነበር የፈለግኩት።

አልተቆጣም። ግማሹን ቆረጠና በፍላሽ ላከው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉ ስለዚያ ጽሑፍ ያወራ ጀመር። የጸሐፊ ስም የለበትም፤ ግን ከላይ የሱ ፎቶ አለ። በሕይወቴ የጻፍኩት፣ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው ብቸኛ ነገር፣ የሱ ሆነ። መንግሥትም እንደ ሰው ሁሉ አነበበው። ለዚህ ነው የመጡት።

መጋዘኑ ውስጥ ከሰዓት ከሰዓት፣ የቤተሰብ ስንቅ ከተበላ በኋላ፣ ካቦው ያጨበጭብና «በላት!» ይለዋል። ልጁ ተነሥቶ በቃሉ ይላል።

«አንድ። ርዕስዎ አጭር ይሁን፤ ረጅም ርዕስ ኬላ ላይ ይፈተሻል። ሁለት። ጎብኚ ማብዛት ይፈልጋሉ? በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይጨምሩ።»

አራተኛው ላይ ሁልጊዜ ዝም ይላል። «ገጽዎ አልከፈት ቢል አይደንግጡ።» ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጣሪያውን ያያል። «መንገዱም አልተከፈተም።» በዚች ዝምታ ውስጥ የሳቁ ግማሽ ይጀምራል። አምስተኛው መጠባበቂያ ቅጂ በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን በሹፌር፣ አንዱን በእናት ጆሮ። መጨረሻ ላይ ሁሉም አብረውት ይላሉ፤ «የይለፍ ቃልዎን አይርሱ። አንድ ቀን የሚጠይቅዎ ሰው ይመጣል።»

ሰዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ሰው በእስር ቤት ስለ ሀገሩ ያስባል ይባላል፤ እኔ የማስበው ስለዚያች የአራተኛዋ ዝምታ ነበር። እኔ ስጽፋት ዝምታ አልነበራትም። እዚያ ቦታ ላይ የኔ ስምንት መስመር ሐተታ ነበረ።

አንድ ቀን ምርመራ ጠርተውት ሲመለስ ተቀምጦ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

«ምን ሆንክ?» አለው ካቦው።

«ነገ ወደ ባሕር ዳር እወሰዳለሁ። ጽሑፉ የኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።»

ወደ ባሕር ዳር የተወሰደ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ተጠግቼው ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«የኔ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የዚያኑ ለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቴ ‹ይኸውም› የሚል ሌላ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን የኔ ነው ትላለህ?»

ልክ ደንበኛ ያስቸገረው ይመስል አየኝ። «ገጹ የማን ነው? እዚያ ላይ ለሚወጣው ነገር የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ይህን እኮ መጀመሪያ ሰሞን ጽፌዋለሁ። አላነበቡትም?»

አላነበብኩትም ነበር።

ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ። ለፍትሕ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን እጄ በሩን ሲመታ በልቤ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ ጽሑፌንም ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ቅጣቴን ሊወስድ ነው።

መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆና የሰባቱ ምክሮች ኅትመት ነበር፤ ሰባተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እርስዎ ደንበኛው ነዎት፣ አይደል?»

«ደንበኛ አይደለሁም። ጸሐፊ ነኝ።»

«አውቃለሁ መምህር። ብሎግዎን አንብቤዋለሁ።»

እዚያ ወንበር ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ደስ አለኝ። «ሁሉንም?»

«ተመድቤበት ነበር» አለ በይቅርታ ድምፅ። «ስለ ዝምታ የጻፉትን እስከ ግማሽ ሄጄበታለሁ።»

አራተኛው ጎብኚያችን እሱ ኖሯል።

ኅትመቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይህን እርስዎ አልጻፉትም። ይህን ሰው ታክሲ እስኪሞላ ያነበዋል።» ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ። «የእርስዎ ከሆነ እስቲ ስምንተኛ ምክር ይጻፉልኝ።»

ጻፍኩ። «ከሁሉ አስቀድሞ ልንገነዘበው የሚገባን» ብዬ ጀመርኩ። ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ማቆም ግን አልቻልኩም። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ። ተቀብሎኝ ያነብ ጀመር። ዓይኑ መሐል ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሻዩ።

«መምህር፣ ለተማሪዎ ያዘኑ ጥሩ ሰው ነዎት» አለኝ ወረቀቱን እያጠፈ። «ይግቡና ይረፉ።»

ጥሩ ሰው መባል እንደዚያ ቀን አዋርዶኝ አያውቅም።

ስመለስ አጠገቤ የሚተኙት መሪጌታ ነቅተው ጠበቁኝ። ደብረ ወርቅ አካባቢ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ለማያውቁት መንገደኛ ማደሪያ ሰጥተዋል ተብለው ነው የታሰሩት። የሆነውን ነገርኳቸው። አልገረማቸውም።

«ገና በመጀመሪያው ቀን ለይቼዋለሁ» አሉ። «ቅኔ ቤት ከአጥር ማዶ ሆነን እየሰማን የማን ተማሪ ቅኔ እንደሆነ አናጣውም። የዚህ ነገር አካሉ የእርስዎ ነው። ትንፋሹ የልጁ ነው።»

«ትንፋሽ ብቻውን ምን ሊሆን፣ የኔታ?» አልኩ፣ ቁጭቴን መደበቅ አቅቶኝ።

«አካል ብቻውንስ?» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ጠዋት ዳቦ ሲታደል የልጁ ስም ተጠራ። ፌስታሉን አንጠልጥሎ ተነሣ። ጠባቂው በሩን ይዞ ቆሟል።

«ሳትሄድ አንዴ በላት እንጂ!» አለ ካቦው። ቀጭን ድምፁ ይበልጥ ቀጥኖ ነበር።

ልጁ ወደ ባልዲው፣ ወደ እኔ አየ። «ዛሬ ቲቸር ይበሏት። መስኮቱንም እሳቸው ይውረሱት።»

ሁሉም ዞሩ። ወደዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የፈለግኩት ይህን ነበር፤ ሁሉም ዓይን፣ ሁሉም ጆሮ። የተቆረጠው ግማሽ በሙሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ስምንቱም መስመር፣ ‹ይኸውም›ም ጭምር። አሁን ብናገረው ማን ይከለክለኛል?

ቆምኩ። እሱ እንደቆረጠው አልኩት። አንድም ቃል አልመለስኩበትም። ሰባተኛውን ሁሉም አብረውኝ አሉ፤ ጠባቂው ከንፈሩን ነክሶ ወደ ውጭ አየ። ስጨርስ «ከባለቤቱ ገጽ የተወሰደ» አልኩና ወደ ልጁ እጄን ዘረጋሁ።

ሳቁ ለሱ ከሚስቁት ትንሽ አነስ ይል ነበር። ልብ ብያለሁ።

ልጁ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «አራተኛዋ ላይ ቸኮሉ፣ ቲቸር።» ወጣ።

የዚያን ቀን መስኮት ሥር ተኛሁ። ባልዲ ባለበት ኩራት አያዋጣም።

እኔ ብዙም ሳይቆይ ተፈታሁ፤ መዝገቡ ላይ እስከ መጨረሻው ደንበኛ እንደሆንኩ። እሱ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። አሁን ስታናግረው ቀኙን አዙሮ ይሰጥሃል፤ ስለ ጆሮው ግን አያወራም። ቤቱን መልሶ ከፍቷል። ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰባቱ ምክሮች ገጹ ላይ አሉ፣ ዛሬም ስም የላቸውም።

በቅርቡ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ አሁን ስምዎን ላስገባበት። ሙሉው ከወሰዱት ኮምፒውተር ጋር ጠፍቷል፤ በቃልዎ ያምጡልኝ፣ እንዳለ አወጣዋለሁ።»

ቤቴ ሄጄ ተቀመጥኩ። በዚያ መጋዘን እንደ ሞተ ልጅ ያለቀስኩለትን ግማሽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ማስታወስ አቃተኝ። ስለ ጠመኔና ስለ ቀይ እስክሪብቶ አንድ አንቀጽ እንደነበረ ብቻ ትዝ ይለኛል። ያን አንቀጽ ያነበበ የከተማችን ሰው ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይጠይቅም ነበር። መርማሪውም።

በማግስቱ ተመልሼ በቀኝ ጆሮው በኩል ቆምኩ። «የቆረጥከው ለእኔ ብለህ ነው? እንዳያውቁኝ?»

የሰው መታወቂያ ላሚኔሽን ማሽኑ ውስጥ እያስገባ ነበር። በሌላው በኩል እስኪወጣ ጠበቀ።

«አይ ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሰልችቶኝ ነው።»

እንዳለ ተወው፣ ስሜም ይቅር አልኩት። እውነቱን ይሁን ደግነቱን እስካሁን አላወቅኩም። በሁለቱም እቀናበታለሁ።