ጣሪያ ላይ የምትዘለው ውብአለም

ውብአለምን በደንብ አውቃታለሁ ማለት አልችልም። ዐረብ አገር፣ አርድ ኤል ሊዋ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ አብረን ከኖርን ሁለት ዓመት ቢሞላንም፣ እኔ ሰው ቶሎ የምቀርብ አይደለሁም። የምጽፈው ያየሁትንና ከእሷ የሰማሁትን ነው። ከተሳሳትኩ ይቅር ትበለኝ።

ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። የምታጸዳው የአሠሪዋ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አምና ትንፋሽ እያጠራት ደረጃው መሀል መቀመጥ ጀመረች። ክሊኒክ ስትሄድ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ "መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ውሰጂ፣ ሰውነትሽንም አንቀሳቅሺ" አሏት። መንገዱ ቱክቱክ በሚሉት ባጃጅ የተሞላ ስለሆነ ለሩጫ አይመችም። የልብስ ማስጫ ገመድ ቆርጣ፣ ገመድ ልትዘል የሕንፃችን ጣሪያ ላይ ወጣች።

መጀመሪያ ሃያ ዝላይ ሳትሞላ ትደክም ነበር። በሁለት ወር ግን አምስቱን ፎቅ ሳታርፍ መውጣት ቻለች።

ከጣሪያው ሥር የሚኖሩት የሕንፃው ባለቤት፣ በአክብሮት ሐጋ የምንላቸው አሮጊቷ ሰሚራ ናቸው። ውብአለም እሳቸውን እንዳትረብሽ ብላ ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ትዘል ነበር፤ ያውም በየቀኑ። ቅልጥሟ አበጠና ሁለት ሳምንት ተኛች። አሠሪዋ "እስከ ወር መጨረሻ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለቻት።

ሐጋ ሰሚራ ሾርባ ይዘው ሊጠይቋት መጥተው ምክንያቱን ሲሰሙ ሳቁ።

"ልጄ፣ የቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ግራውም ካልጮኹበት አይሰማም።"

ወፍራም አሮጌ ምንጣፍ ሰጧት። እብጠቱ ሲሻላት ወሩ ሳያልቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አሁን የምትዘለው ምንጣፉ ላይ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ አንድ ቀን እያሳለፈች ነው።

ዓርብ ዓርብ እኛ የሕንፃው ሴቶችም አብረናት እንወጣለን።

"ሄርሜላ፣ ፎቁን ልታፈርሺው ነው?" ትላታለች ውብአለም። "ገመዱ እንዲያልፍ ብቻ ተነሺ፤ ተረከዝሽ አይረፍ።"

"አንቺ ቀጭን ስለሆንሽ ነው።"

"ቀጭን አይደለሁም፤ ለእግሬ ስለምሳሳ ነው።"

ጉልበቷን የሚያማትን ቆንጂትን ገመድ አታስነካትም። "አንቺ ተራመጂ" ብላ ጣሪያውን ታዞራታለች። ትምህርት ቤት ያልተማረችውን ይህን ሁሉ በራሷ እግር ተምራ ለእኛ ማካፈሏ ይገርመኛል።

ባለፈው ዓርብ ስንወርድ ግን ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንዱን እግሯን ቀስ እያለች ስታሳርፍ አየኋት። እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳት።

"ውቤ፣ ቅልጥምሽን እንደገና ያምሻል እንዴ?"

"ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ እሱን ተዪው" አለችኝ። "ነገ ሥራ አለ።"