ባለ አንድ ሲሊንደሯ መኪና እስከ ተፍኪ

ከኮልፌ ማለዳ ተነሳን። ሐሳባችን አማቼን፣ አባባ ሽብሩን፣ ተፍኪ አጠገብ ወደሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ማድረስ ነበር። አባባ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም። እህታቸው እማማ ወለቱ ደግሞ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ «ሳልሞት ድምፁን ልስማ» ብለው ልከውባቸዋል።

አውቶቡስ ነበረ። ባለቤቴ ተክሌ ግን አባቱን በራሱ መኪና ካልሆነ አላደርስም አለ። ኮልፌ ባለችው ጋራዡ የአንዲት አሮጌ መኪና አካል ነበረው። ሞተር ስላልነበራት ከተዘጋ ወፍጮ ቤት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አምጥቶ ገጠመላት። «ሰው አራት ሲሊንደር ይቀልባል፣ እኔ አንድ!» እያለ ሲኩራራ እኔም አብሬ ኮራሁ። ፍቅር ይዞኝ ነው እንጂ ወፍጮ ወፍጮ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

አባባን ብቻውን አቅፎ አወጣቸው፤ እንደ ወትሮው እኔን አላስጠጋም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ መረቀን። አባባ ከፊት ተቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ልጄ በሠራው ነው የምሄደው!» አሉ። ተክሌ እስከ ዓለም ገና ድረስ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም።

ዓለም ገና

ባለ አንድ ሲሊንደር ማለት ይኸውላችሁ። ውስጥ ያለችው አንዲት ፒስተን አንዴ ትገፋለች፤ ዞራ ተመልሳ እስክትገፋ የሚያግዛት የለም። ስለዚህ መኪናዋ ትዘላለች፣ ትፈዛለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ሞተሯ ወፍጮ ቤት ሳለች ሲሚንቶ ላይ ታስራ ከባድ መዘውር ስለምታዞር ዝላይዋ አይታወቅባትም ነበር። አሁን የታሰረችው እኛ ላይ ነው።

ሰበታ

ለእማማ ወለቱ የስሙኒ እንቁላል ገዝቼ፣ ጭድ ውስጥ ቀብሬ፣ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ብዙም ሳንርቅ አስኳሉ በቀሚሴ ላይ ይወርድ ጀመር።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?» አልኩ ከኋላ።

«ደህ… ና… ነኝ… ልጄ።»

በመስተዋቱ አየኋቸው። የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰዋል፤ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገብቷል። እንዳየኋቸው ሲያውቁ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ አትንገሪው ማለታቸው ነው። ብናገር የልጅየው ደስታ ይሰበራል፤ ዝም ብል የአባትየው ዳሌ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። አልቻልኩም።

«ተክሌ፣ አቁም!»

«ለእንቁላል ብለሽ ነው?»

«ለአባትህ ብዬ ነው።»

ዞሮ የአባቱን ፊት አየ። ሞተሩን አጠፋና እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሳ ቀረ።

የተፍኪ መንገድ

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱብን። አባባ በኦሮምኛ ሰላም ሲሏቸው የማንም እንግዳ መሆናቸው ቀረ። በዚያ አገር መንገድ ላይ የወደቀ በሽተኛ አልፎ የሚሄድ የለም። ወዲያው ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት መጣ፣ ጋቢያችን ተወጠረበትና ቃሬዛ ሆነ።

«አባቴን እኔው አዝለዋለሁ» አለ ተክሌ።

«ተው ልጄ» አሉት አንድ ሽማግሌ። «ብቻህን ከተሸከምከው አንተ በተንገዳገድክ ቁጥር የሚያመው እሱን ነው። ና፣ አንዱን ጫፍ ያዝ።»

አራት ሆነው አነሷቸው። አንዱ እግሩን ሲያነሳ ሌላው ረግጧል፤ አንዱ ሲደክመው ከጎን ያለው ትከሻውን ያስገባል፣ ቃሬዛው ግን አይቆምም። እኔ እንቁላሌን ይዤ አጠገባቸው እሄዳለሁ። ትንሽ እንደሄድን አባባን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ተክሌ አንገቱን ወደ እኔ መለስ አድርጎ በሹክሹክታ፣ «አየሽ? ሲሊንደሩን አራት የሚያደርጉት ለጉልበት ብቻ አይደለም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እማማ ወለቱ የወንድማቸውን ፊት በጣታቸው ዳሰሱና «አርጅተሃል» አሉ። አባባ «አንቺስ!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከእንቁላሉ የተረፈው ለእራት ተጠበሰ።

ኮልፌ

በአውቶቡስ ተመለስን፤ አባባ ከፊት ወንበር ያለ ሐሳብ እያንቀላፉ መጡ። መኪናዋ በኋላ በጭነት መኪና መጣች። ሞተሯ ዛሬ እዚሁ ኮልፌ ጤፍ ትፈጫለች፤ ደህና ናት።

ቤት እንደገባን ተክሌ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «አባዬ፣ እንደዚያ ሲያምዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«መኪናህ ምንም አላጠፋችም፣ ልጄ» አሉት ራሱን እየዳበሱ። «ብቻዋን ሆና ነው።»

ከዚያ አልጋቸው ላይ ሊያወጣቸው ተነሳ። እንደ ለመደው ጎንበስ አለና ቆም ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ነይ» አለኝ፤ «አንዱን ጫፍ ያዢ።»