ፍላሹ ደህና ነው፣ ያረጀው ኮምፒውተሩ ነው

ወገን፣ ዛሬ የሟች እናቴ ድምፅ በአንድ ጣት ሊጠፋ ነበር!

በልጄ ሠርግ ላይ የመረቀችበት ቪዲዮ ያለው ብዙ ጊጋ በሚይዘው ትልቁ ፍላሼ ላይ ብቻ ነው። ለእህቴ ላስገለብጥላት አየር ጤና ፎቶ ቤት ገባሁ።

ባለቤቱ ጋሽ ፈለቀ ሰኩት፤ እንቢ አለ። አውጥተው እፍ እፍ አሉበት። ካሴት መሰላቸው እንዴ? መልሰው ሰኩት።

«ተበላሽቷል እህቴ፣ ኮምፒውተሩም ፎርማት ላድርገው እያለ ነው» ብለው ሊጫኑ ሲሉ፣ «ጋሼ፣ በእመቤቴ እጅዎን ያንሱ! እናቴን ሊያጠፉብኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ነጥቄ ቤቴል እህቴ ጋ በረርኩ። በእሷ አዲስ ላፕቶፕ ወዲያው ተከፈተ! ለካ የጋሼ አሮጌ ኮምፒውተር ይህን ያህል ትልቅ ፍላሽ የሚያነብበት ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም የለውም።

የማያውቀውን ሁሉ «ተበላሽቷል» የሚል ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እማዬ «ውለዱ፣ ክበዱ» እያለች ነው፤ እኛም በዚህ ዕድሜያችን አሜን እያልን ነው።

እናንተስ፣ ደህና ዕቃችሁን ኮምፒውተር ላጥፋው ብሏችሁ ያውቃል?