ቢሮው በአባባ ጾፋ ግቢ

መጋቢት ሦስት ቀን፣ ሐሙስ ነበር። ወይስ ዓርብ? ቼንጎ ይህን ነገር ባነሳ ቁጥር ቀኑ ላይ ይደናቀፋል። «ሐሙስ ነው» ይላል ጮክ ብሎ፤ ወዲያው ደግሞ «ሐሙስ ከሆነማ የዳንጋሬኒ ገበያ አይቆምም ነበር፤ እኔ ግን ካሳቫ የጫኑ ብስክሌቶች መንገድ ዘግተውብን እንደነበር ትዝ ይለኛል» ብሎ ራሱን ይሞግታል። የማይጠራጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ከማሊንዲ ከተማ ሲነሱ ክብርት ዳማ ሉቩኖ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ አስራ ነበር። ወትሮ ሻሽ አትወድም።

ዳማ በካውንቲው ምክር ቤት የዳንጋሬኒ ተወካይ ነበረች። የካሹ ለውዝ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍሬ ስትፈለፍል ኖራለች፤ የቅርፊቱ ዘይት የጣቶቿን ጫፍ አጥቁሮት ቀርቷል። በምርጫው ጊዜ ተፎካካሪዋ «ከዚህ እጅ ጋር ማን ይጨባበጣል?» ብሎ ሊያላግጥባት ቢሞክር፣ መድረኩ ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሁሉ ለእኔ ይምረጥ» አለች። ግማሹ ሴት እጁን አወጣ። በስልሳ አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች።

ቼንጎ ጸሐፊዋ ነው። የነዋሪውን ጥያቄ ይመዘግባል፦ የውሃ ቧንቧ፣ የተማሪ ድጎማ፣ ዝናብ የወሰደው ድልድይ። የዚያን ቀኑ ጉዳይ ግን ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፌስታል ጭናቸው ላይ ያደረጉ፣ ራሳቸው እንደ ጥጥ የነጣ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ አባባ ጾፋ።

ከሁለት ዓመት በፊት የወንድማቸው ልጅ የኬንጋ ሕፃን ታሞ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው አባባ ጾፋን «መተተኛ» አላቸው። በዚያ አገር ይህ ቃል በሽበታም ሰው ላይ አንዴ ከወጣ፣ የሚከተለው ገጀራ ነው። ሽማግሌው በዚያው ሌሊት ሸሽተው ማሊንዲ አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጠለያ ገቡ። የኮኮናት ዛፎቻቸው ለኬንጋ ቀሩ፤ ከዛፎቹ አናት የሚንጠባጠበውን የኮኮናት ጠጅ እየቀዳ ይሸጣል። አሁን ግን «ቤቴ ልሙት» ብለዋል፤ ዳማም እመልስዎታለሁ ብላቸዋለች።

«መጠለያው ውስጥ ፀጉርህን ጥቁር እንቀባህ ብለውኝ ነበር» አሉ አባባ ጾፋ በመንገድ ላይ። «ምን ሊያደርግልኝ? በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሳ መስዬ ሚስት ላግባ?»

ዳማ ሳቀች። ቼንጎ አልሳቀም። ኮሌጅ ሳለ በየወሩ ከማሊንዲ የፀጉር ቀለም ገዝቶ ዳንጋሬኒ ለሚኖረው አባቱ ይወስድ ነበር። አንድ ወር ፈተና ደረሰበትና ቀረ። አባቱ ሥሩ የነጣ ፀጉሩን ይዞ ለቅሶ ሄደ፤ በአራተኛው ቀን በቆሎ ማሳው ውስጥ ተቆራርጦ ተገኘ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ቼንጎ እስካሁን የፀጉር ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ፊት አይቆምም።

የዳማ ስልክ ጮኸ። አንብባ ለቼንጎ አቀበለችው። «ሽማግሌውን ካመጣሽ ሁለት ሬሳ ትወስጃለሽ» ይላል።

«መዝግበው» አለችው።

«እትዬ፣ በየትኛው መዝገብ?»

«የነዋሪዎች ጥያቄ በሚለው ነዋ!»

ዳንጋሬኒ ሲደርሱ ሕዝቡ ማንጎው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። አባባ ጾፋ ከመኪናው ሲወርዱ ሰላምታ የሰጣቸው የለም። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ኬንጋ ጠጅ የሚቀዳበትን ቢላዋ ወገቡ ላይ እንደሻጠ ቆሟል፤ ከሥራ መምጣቱ ይሁን ለሌላ ነገር፣ ቼንጎ መለየት አልቻለም።

«ክብርት፣ የጠሩን ለውሃው ነው ወይስ ለዚህ ሰውዬ?» አለ ኬንጋ።

«ለሁለቱም። ይህ ሰውዬ የምትለው አጎትህ ነው።»

ዳማ ከፊት ወደተቀመጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች ሊቀመንበር ዞረች። «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ሆነ?»

«ሰባ አንድ።»

«ፀጉርዎ ግን ገና ሠላሳ አልሞላውም።»

ሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሰደዱ። ሳቁ ሳያልቅ ዳማ ሻሿን ፈታች። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ነጭ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር። ሳቁ ተቆረጠ።

«ስድስት ሳምንት አልተቀባሁም» አለች። «መተተኛ የምትፈልጉ ይኸው፣ ከእኔ ጀምሩ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዲት አሮጊት ሻሻቸውን ፈቱ። አንዲት ብቻ። ሌላው መሬት መሬት ያያል።

«ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ሰፈር አንድ ለቅሶ ላይ ነበርኩ» አለች ዳማ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንድ ጣት ወደ አንድ ሰው ሽበት ሲጠቁም አይቻለሁ። የማን ጣት እንደሆነም አውቃለሁ። ዝም አልኩ፤ ሰውየው ተገደለ። ዛሬ ዝም አልልም።»

የቼንጎ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷ አላየችውም።

ኬንጋ አንድ እርምጃ ቀረበ። አሁን «እርስዎ» ማለቱን ትቷል። «ስብሰባው ያልቃል። አንቺ መኪናሽ ውስጥ ገብተሽ ማሊንዲ ትሄጃለሽ። እሱ እዚህ ነው፤ እኛም እዚህ ነን።»

ቼንጎ ይህን ሲፈራ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዳማ ለምክር ቤቱ ያቀረበችው የሽማግሌዎች ጥበቃ ደንብም እንደ ቀልድ ተቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

«ማን ሄዳለሁ አለህ?» አለች ዳማ። «ከነገ ጀምሮ ቢሮዬ አጎትህ ግቢ ነው። የድጎማ ፊርማ የፈለገ፣ ማኅተም የፈለገ፣ ስለ ቧንቧው ሊጮህብኝ የፈለገ፣ እዚያ ይምጣ። ሌላ ቦታ አልፈርምም።»

ሰዉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዲት ሴት «የእኔስ ልጅ ፎርም?» ብላ ጠየቀች። የኬንጋ ሚስት ነበረች።

«አንቺም እዚያው ነይ፣ እህቴ።»

«ሚስትህ ቀደመችህ!» አለ አንዱ፤ ኬንጋ ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ካለው የካሹ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ዳማ የአባባ ጾፋ ጎረቤት የሆነች አንዲት መበለት ቤት አደረች፤ ቼንጎ ከሽማግሌው ጋር። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዎች መጡ፤ እነሱም አጥሩ ላይ ቆመው ወረቀታቸውን በእጅ አሳልፈው ሰጡ። ከጎን ማሳ ውስጥ ገጀራ እንጨት ሲመታ በተሰማ ቁጥር ቼንጎ ዞር ብሎ አጥሩን ያያል። በሦስተኛው ጠዋት አንድ ለጋ የኮኮናት ዛፍ ተቆርጦ በሩ ላይ ተጋድሞ አገኙት። አባባ ጾፋ አዩትና ፌስታላቸውን ሊያነሱ ወደ ቤት ገቡ። ዳማ ግንዱ ላይ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ይውጡ እንጂ! ወንበር አጥሮን አልነበር?»

ከዚያ በኋላ ባለጉዳዩ ግንዱ ላይ ተራ መጠበቅ ጀመረ። በሳምንቱ መጨረሻ አርባ ሰው ደረሰ። የሚፈርም እጅና የሚያይ ዓይን በበዛበት ግቢ ገጀራ ይዞ መግባት ከባድ ነው፤ የዳማ ሒሳብ ይኸው ነበር። አባባ ጾፋ ደግሞ ሥራ አገኙ፤ ዱላቸውን ይዘው ተራ ያስከብራሉ። «ተረኛ! አንተ፣ መሀል አትግባ! ክብርት እንደሆነች አንድ ናት!»

በአምስተኛው ሳምንት ኬንጋ መጣ። ሚስቱ ያስገባችው የልጃቸው የድጎማ ፎርም የአባት ፊርማ ጎድሎት ተመልሷል። ቢላዋው ወገቡ ላይ የለም። ግንዱ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ደህና አደሩ፣ አጎቴ» አለ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ለሽማግሌው የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር። አባባ ጾፋ ዱላቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ።

«ደህና። ከሴትየዋ ኋላ ነህ፤ ተቀመጥ።»

በነጋታው ምክር ቤቱ ዳማን ጠራት፤ ደንቡ ከመሳቢያ ወጥቶ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። መኪናው በሩ ላይ ቆመ። ቼንጎ ሌሊቱን ሙሉ ጥያቄውን ሲያሰላስል ነበር ያደረው፦ አባቴን የጠቆመው የማን ጣት ነበር? ከዚያም የሚከብደው፦ ያ ሰው ትናንት ግንዱ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ስሙን ጽፌለት ይሆን?

«አንተ እዚሁ ቆይ» አለችው ዳማ። «እኔ ሳልኖር ጠረጴዛው እንዳይነሳ።»

«እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር...»

አንዲት ሴት ወረቀት እያውለበለበች በመስኮቱ በኩል ደረሰች። ዳማ ተቀበለቻትና ማንበብ ጀመረች፤ ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ቼንጎ ጥቂት እርምጃ ተከተለ። ከኋላው መስታወት የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያጎነበሰው፣ እየነጣ የመጣው ራሷ ብቻ ነበር፤ ከዚያ አቧራው ሸፈነው።

«ተረኛ!» ብለው ተጣሩ አባባ ጾፋ ከግቢው ውስጥ።