ለእህቴ የለመንኩት ይለፍ

እንጅባራ ላይ ሁሉም ያውቀኛል። ዴልሂም ኢስላማባድም በዲፕሎማትነት የኖርኩ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ስለ ሕንድና ፓኪስታን ጠብ መጽሐፍ የምጽፍ ሰው ነኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ጋሼ፣ ታረቁ ወይስ ገና ናቸው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «እናንተ መጀመሪያ ከትራፊኩ ታረቁ» እላቸዋለሁ።

ከመጽሐፉ ሁሉ የምኮራበት ምዕራፍ ስለ በሽተኞች የጻፍኩት ነበር። ሁለቱ አገሮች በተኳረፉበት ሰሞን እንኳ ልቡ የታመመ ሕፃን ድንበር ተሻግሮ ይታከማል። እንዴት? ለሁለቱም ወገን በግልጽ ታመለክታለህ፣ ከሁለቱም ፈቃድ ታገኛለህ፣ አለቀ። ዕድሜዬን የበላሁት በዚህ ሥራ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ታመመች። ሐኪሙ ሆዷ ውስጥ ያበጠው ነገር ቶሎ ካልወጣ እንደማትተርፍ ነገረኝና «እዚህ አይሠራም፣ ባሕር ዳር ያድርሷት» አለ። መንገዱ ደግሞ ከተማውን በያዙትና ጫካ ባሉት መካከል ባለው ተኩስ ምክንያት ተዘግቷል። ዳንግላ ድረስ እንኳ የሚሄድ መኪና የለም።

የአዲስ ቅዳም ሰው የሆነ አንድ ከሰል ጫኝ ሹፌር ነገሩን ሰምቶ ቤቴ መጣ። ተኩሱ ጋብ ሲል በአቋራጭ ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው።

«አርብ ጠዋት እወጣለሁ። እናቴ ናት ብዬ ጋቢና አስቀምጣታለሁ። እርስዎ ብቻ ለማንም አይናገሩ» አለኝ።

እህቴ ደስ አላት። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። የታመመ ሰው እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ተደብቆ አይሄድም፣ መንገድ ላይ ቢይዟችሁስ፣ ብዬ ደነፋሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ነው። ልጁ አደርሳለሁ ካለ ያድርሰኛ!» አለች።

አልሰማኋትም። ከተማውን ለያዙት ደወልኩ፤ ጫካ ላሉት በዘመድ በኩል መልእክት ላክሁ። ኧረ ትሕትናቸው! ሁለቱም «እናስብበታለን» አሉኝ። ይህችን ቃል እኔው ራሴ ለስንቱ ስመጸውታት ኖሬያለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነች እንዴት ይጠፋኛል? ሁለቱም ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁ፤ በማን መኪና ነው የምትሄደው? እኔ ጅሉ፣ ፈቃዱ ሲመጣ የከሰሉ ሹፌር በግልጽ ያደርሳታል፣ ግልጽነት ይበጃል ብዬ መኪናውንም ሹፌሩንም ተናገርኩ።

ሐሙስ ማታ ሹፌሩ መጣ። ግባ ብለው አልገባም።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ? አሁን እኮ ሁለቱም መንገድ ላይ ይጠብቁኛል። አንዱ ቢያሳልፈኝ ለሌላው ሰላይ ነኝ። ልጆች አሉኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰሙም?»

እባክህ እያልኩ በሩ ላይ ያዝኩት። እህቴ ከውስጥ ሆና «ተወው፣ አታስጨንቀው» አለችኝ። ሌሎች ሹፌሮችንም እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ። ወሬው ቀድሞኛል፤ ከጫግኒ እስከ ዳንግላ የእኔን እህት የሚጭን ጠፋ።

መንገዱ ሳይከፈት አረፈች። መጨረሻ ላይ ሕመሙ ሲጠናባት ስሜን እየጠራች ትጮህ ነበር። ያን ጩኸት በየትኛው ምዕራፍ ልጻፈው? ብስጭቴ በእነሱ ነው፣ በእኔም ነው፤ በማንኛችን እንደሚበልጥ አላውቅም።

ለቅሶ ላይ ሹፌሩ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አልወቀሰኝም፣ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው እንዳለን ስልኬ ጮኸ። በከተማው ወገን የማውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ ደስታ አለበት።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! እነዚያም እሺ ብለዋል አሉ፣ እኛም ፈቅደናል። እህትዎ ማለፍ ይችላሉ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ልሰድበው ፈለግሁ፣ ሞታለች ልለው ፈለግሁ። «ስለ ትብብራችሁ ከልብ አመሰግናለሁ» አልኩት።